ባዶ ቤት የጮኸ ስልክ

ሰውየው ሶፍቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ተነሳ።

ሜይ ቀና ብላ አላየችውም። የሩዝ አጥሚቷን በማንኪያ አማሰለች። የታይናን ገበያ ከጠዋቱ ጀምሮ ይንጫጫል። ከኋላዋ አንዲት ሴት ከዓሣ ሻጭ ጋር ትጨቃጨቃለች።

«የትናንቱ ይሸት ነበር!»

«የሸተተሽ ባልሽ ይሆናል።»

ሜይ የራሷን ሶፍት ከሰውየው ሳህን አጠገብ ያስቀመጠችው ቀደም ብላ ነበር። አሁን እዚያ የለም። በውስጡ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ አለች። የአንድ ወር ሥራዋ።

ማንም ልብ አላለም። የምርጫ ሰሞን ሶፍት የሌለበት ጠረጴዛ የለም፤ እጩው ሁሉ ፊቱን አሳትሞ ያድላል። የእሷ ማሸጊያ ላይ ሳይ ዩቺን ፈገግ ብላለች። እሱ የተወው ላይ ደግሞ ተቀናቃኟ ሆንግ፣ ከታይፔ የመጣው ጠበቃ፣ ጥርሱን አሳይቷል።

ሰውየው ጀርባውን ሰጥቷት እጁን ይታጠባል። የሚስጥር ስሙ «ጨው» ነው፤ የእሷ ደግሞ «ሽመላ»። አለቃዋ ነው።

«ካርዱ ላይ ምን አለ?»

«ምንም። ሴትየዋ ንጹሕ ናት።»

«ምንም?»

«የደጋፊዎቿን ስልክ ወደ አንድ ቁጥር አላዛወረችም። ድምፅ አልገዛችም። ፈልጌ አጣሁ።»

«እሺ፣ ሽመላ። ቀኑ ሶፍቱ ውስጥ ነው። ንገሪያት።»

«ይሄ ልክ ነው? ምስጢር እኮ ነው።»

«ለሁለቱም እንሰጣለን። እኩል ይሁኑ።»

ሒሳቡን ከፍሎ ሕዝቡ ውስጥ ገባ።

ፓርቲው እጩውን የሚመርጠው በስልክ ነው። በዚህ ሳምንት በአንዱ ምሽት፣ ከራት ሰዓት ጀምሮ፣ በየቤቱ የመስመር ስልክ ይደወላል። ያነሳ ተቆጠረ። ቤቱ ያልተገኘ ቀረ። ምሽቱን የሚያውቀው «ዘጠነኛው ፎቅ» ብቻ ነው፤ የፓርቲው አመራር ታይፔ የሚቀመጥበት። የዩቺንና የሆንግ ሰዎች አንዱ ሌላውን ሌባ እያሉ ሲፈነካከቱ ከርመዋል። ሊቀ መንበሩ «እኔ ዳኛ ነኝ» ይላል። ሜይ የተላከችው የዳኛው ዓይን ሆና ነው።

ቢያንስ እንደዚያ ተብላለች። እሷም አምናለች።

መጸዳጃ ቤት ገብታ ጨው የተወውን ማሸጊያ ቀደደች። ከሶፍቶቹ መሐል አንድ ቃል።

ሐሙስ።

*

ዩቺን የዓሣ ኩሬ ባለቤት ልጅ ናት። በስድሳ ዓመቷም ቦት ጫማ አድርጋ ስብሰባ ትገባለች። ከዘጠነኛው ፎቅ ተባረርኩ ብላ የመጣችውን ሜይን ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለቻት። ከቢሮዋ በላይ ያለችውን ክፍል ሰጠቻት። በሁለተኛው ቀን ዝናብ ሲመታት አይታ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ገዛችላት።

ያ ካፖርት ነው ሜይን እንቅልፍ የሚነሳት።

«እህስ?» አለች ዩቺን በሩን ዘግታ። «እነዚያ የታይፔ ጓደኞችሽ ምን አሉ? የእመ ባሕር በዓል ረቡዕ ነው። ስልኩም ረቡዕ ከሆነ ድግሱን እሰርዛለሁ። እንስት አምላካችን ትቆጣ ይሆናል እንጂ የቤት ስልክ የላትም።»

ሜይ ለመሳቅ ሞከረች።

«ሐሙስ ነው፣ እትዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ዩቺን ከማን እንደሰማች አልጠየቀችም። ብትጠይቅ በተሻለ ነበር። መስኮቱን ከፍታ ግቢ ውስጥ ቢላ የሚስለውን ወጥ ሠሪ ጠራችው።

«ጋሽ ቱ! ድስቱን ጣደው! ረቡዕ ሰፈሩን በሙሉ እናበላለን፤ ሐሙስ ስልክ ሥር ተቀምጠው ያመነዥኩታል!»

*

ረቡዕ ምሽት መንገዱ ተዘጋ። ከቤተ መቅደሱ በር እስከ ኩሬዎቹ ድረስ ድንኳን ተጣለ፤ ክብ ጠረጴዛዎቹ በቀይ ላስቲክ ተሸፈኑ። ቤተሰቡ ከነልጅ ልጁ ነቅሎ ወጣ። መድረኩ ላይ አንዲት ዘፋኝ ድምፅ ማጉያውን ልትቀደው ደርሳለች።

ጋሽ ቱ አንድ ሳህን ሸፍኖ ለሜይ ሰጣት። «ለእማማ ሊያኦ። ዳሌዋ ተሰብሮ ቤት ቀርታለች። ፍጠኚ፣ ከዘገየሽ በኔ ላይ ነው የምትጮኸው።»

መንገዱን ታጠፈች። ሙዚቃው ከኋላዋ ራቀ። ቤቶቹ ጨልመዋል።

ከአንዱ መስኮት ስልክ ጮኸ።

ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ።

ሜይ መንገዷን ቀጠለች። ከማዶ ሌላ ስልክ ጮኸ። እሱም ዝም አለ። ከጥግ ካለው ቤት ሦስተኛው።

እርምጃዋን አፋጠነች።

እማማ ሊያኦ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ቴሌቪዥን ያያሉ። «የዓሣው ጭንቅላት አለበት? ያ ቱ የሚሉት ስስታም ጭንቅላቱን ለራሱ...»

ራስጌያቸው ያለው ስልክ ጮኸ።

አሮጊቷ አነሱት። ጆሯቸውን ለጠፉበት። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«አዎ! እኔ ነኝ! ሳይ ዩቺን! እሷን ብቻ! ሌላውን አትጥራብኝ፣ ልጄ!»

ዘግተው በኩራት አዩዋት። ቀስ በቀስ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሐሙስ አላላችሁም ነበር?»

ሜይ ሳህኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

«ያ ሁሉ ሰው መንገድ ላይ ተቀምጦ... ምን ቆመሻል? እኔ ብደውል በዚያ ሙዚቃ ማን ይሰማኛል! ሩጪ! ገና ነው፣ ይደርሳሉ! ሩጪ እንጂ አንቺ ልጅ!»

ሮጠች። እየሮጠች ደወለች።

«ዛሬ ነው» አለች።

«አውቃለሁ» አለ ጨው።

እግሯ ቆመ።

«ለሁለቱም እንሰጣለን ብለውኝ ነበር።»

«ሰጠን እኮ። ለሆንግ ትክክለኛውን።»

የገበያው ጠረጴዛ ትዝ አላት። ማሸጊያው። የሆንግ ጥርስ። ዳኛው አፉን በማን ሶፍት እንደሚጠርግ ያኔ አይታ ነበር። አይታ አልፋዋለች።

«እነግራታለሁ።»

«ንገሪያት። እኔም የገበያውን ቪዲዮ አወጣለሁ። የዩቺን ረዳት የምርጫ ምስጢር ስትቀበል። የአንቺ ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የኔ ጀርባዬ ብቻ ነው። ዛሬ ብትሸነፍ ከአራት ዓመት በኋላ ትመለሳለች። ከፓርቲው ከተባረረች ግን አበቃላት። ምረጪላት።»

ዘጋው።

ሌላ ስልክ ጮኸ። በሩ ተቆልፏል። ሜይ እጇን ብረቱ ላይ አሳርፋ ዝም እስኪል ጠበቀች።

*

ድንኳኑ ሥር ስትገባ ዩቺን መድረክ ላይ ናት። ፊቷ በቢራ ቀልቷል።

«መጣች! ይቺን ልጅ ታይፔ ጣለቻት፤ እኔ አነሳኋት! ነይ ውጪ፣ ንግግር!»

«ንግግር! ንግግር!» ጠረጴዛዎቹ ተደበደቡ።

ማይኩ እጇ ውስጥ ገባ።

ሰዉ ሁሉ መብላቱን አቆመ። ቾፕስቲካቸውን እንደያዙ ቀና ብለው ያዩዋታል። ሩቅ የሚባለው ቤት እንኳ ሻይ እስኪፈላ ይደረሳል። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ወደ ቤት።

ለእሷ ብዬ ነው፣ አለች በልቧ። እንዳትባረር ብዬ ነው።

ነገር ግን ዓይኗ የፈለገው ዩቺንን አልነበረም። መውጫውን ነበር።

«ብሉ» አለች። «ዓሣው ሳይበርድ ብሉ።»

ሳቅ ሆነ። አጨበጨቡላት። ዩቺን አቅፋ ጎኗ አስቀመጠቻትና ከዓሣው ጉንጭ ለስላሳዋን ሥጋ አንስታ ሳህኗ ላይ አኖረችላት። «አጥንት ሆነሻል። ዋጪ።»

ሜይ ዋጠች።

*

ውጤቱ ሲነገር ሆንግ አሸንፏል፤ ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ከአንድ ድግስ እንግዳ ያነሰ።

ሜይ ውጤቱን የሰማችው ገበያው አጠገብ ባለ ርካሽ ሆቴል ሆና ነው። ከዩቺን ቢሮ የወጣችው ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ነበር። እማማ ሊያኦ ለዩቺን መንገራቸው አይቀርም። ቢጫውን ካፖርት አጥፋ አልጋው ላይ ትታዋለች። ልታጥበው አስባ ነበር፤ ጊዜ አጣች። ወይም ድፍረት።

የጨው መልእክት አጭር ነበር። «ደኅና ሠርተሻል። ቀጣዩ ከተማ ኪሉንግ። ስምሽ ሩ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት የተከራየችውን ስኩተር ልትመልስ ወደ ባቡር ጣቢያው ነዳች። ሄልሜት አድርጋለች፤ አፍና አፍንጫዋ በማስክ ተሸፍኗል። እንደ መንገደኛው ሁሉ። ቀይ መብራት ላይ ቆመች።

ከኋላ ድምፅ ማጉያ ሰማች።

«ሳይ ዩቺን ነኝ። አልበቃኋችሁም። ይቅርታ። አመሰግናለሁ።»

አንድ ክፍት መኪና ቀስ ብሎ መጥቶ ጎኗ ቆመ። ዩቺን በቦት ጫማዋ ላዩ ላይ ቆማ ለመንገደኛው ሁሉ ወገቧ እስኪታጠፍ እጅ ትነሳለች። ለአትክልት ሻጭዋ። ለታክሲ ሹፌሩ። ክንዷ ላይ ቢጫ ካፖርት ጣል አድርጋለች፤ ሰማዩ ግን ጠርቷል።

ወደ ስኩተሩ ዞረች።

ሜይ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«አልበቃኋችሁም» አለች ዩቺን። ማይኩን ዝቅ አድርጋ ነበር። እጅ ነሳች። ከዚያ እግሯ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ የተረፈ ሶፍት አንስታ ጎንበስ ብላ ሰጠቻት። «ያዢ፣ እህቴ። አቧራው ዓይን ያስለቅሳል።»

ለሁሉም እንደዚህ ትል ይሆን?

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። መኪናው አለፈ። ከኋላ ያሉት ስኩተሮች ጥሩምባ ነፉ፤ አንዱ «አንቺ፣ ተኛሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸባት።

ሩ የምትባል ሴት ወደ ጣቢያው ነዳች። ማስኳ ረጥቧል። ሶፍቱ ኪሷ ውስጥ ነው። ባቡሩ ኪሉንግ እስኪገባ ድረስ አልከፈተችውም።