ሁሉም በቦታው ነው

ለእኔ ስትል እየሞተች ነው ብለውኝ ነው የተመለስኩት።

የደወለችልኝ አክስቴ ናት። ቤቷ ከልጅቷ እናት ቤት ጋር አጥር ስለሚጋራ የምትነግረኝ ሁሉ በዓይኗ ያየችውን ነበር። ልጅቷ እህል አልወርድ ብሏታል፤ ሁለቴ ሳትውጥ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ጋደም ማለት አቅቷት ትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ይነጋል። የልብ ሐኪም አይቷት ልብሽ ደህና ነው ብሏታል፤ ራጅ ተነስታ ምንም አልተገኘባትም።

«እንግዲህ ሐኪም ያጣውን በሽታ እኔ ልንገርህ?» አለችኝ አክስቴ። «አንተ ነህ።»

ስድስት ዓመት ርቄ የተማርኩት ራጅ ማንበብ ነው። እዚያው እንድቀር ቦታ ሰጥተውኝ ነበር። ስልኩን ስዘጋ አዘንኩ ብል ደስ ይለኛል፤ እውነቱ ግን ደስ አለኝ። ሰው ለእኔ ሲል እንቅልፍ ያጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። በወሩ ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ።

የተዋወቅነው ከመሄዴ በፊት፣ የተበታተነ መጽሐፌን ላስጠርዝ ማተሚያ ቤት በገባሁ ጊዜ ነው። ጠራዧ እሷ ነበረች። መርፌዋን ከማንሳቷ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጠረችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አንድ ቅጠል ጎድሎታል።»

«ግድ የለም፣ እንዲሁ ጠርዢው።»

«ኋላ ብታገኘው አልቀበልህም። ከተጠረዘ በኋላ ገጽ አይገባም፤ በግድ ባስገባው ሌላውን ይቀድደዋል።»

ሁለት ቀን ፈልጌ ቅጠሉን አልጋ ስር አገኘሁት። ይዤላት ስሄድ ሳቀች። ከዚያ በኋላ እስክሄድ ድረስ የሚጠረዝ ነገር አጥቼ አላውቅም፤ የጎረቤት ልጆች ደብተር ሳይቀር ተጠረዘ። እወድሻለሁ ግን አላልኳትም። እሷም ምንም አላለችኝም።

ስመለስ የጠበቀችኝ ግማሿ ናት። ጉንጯ ገብቷል፤ ዓይኖቿ ብቻ የድሮዎቹ ናቸው። እናቷ እጄን ይዘው አለቀሱ። ሠርጉ በሦስት ወር እንዲሆን ቤተሰብ ተስማማ። እሷን የጠየቃት የለም፤ መክሳቷ እንደ መልስ ተቆጥሮላታል። እኔም አልጠየቅኋት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታዋ ብሄድ፣ የወደቀ መቀስ ልታነሳ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ፊቷ ዐመድ መስሏል። ምን ሆነሽ ስላት፣ ባጎነበሰች ቁጥር ከሆዷ እሳት ተነስቶ እስከ ጉሮሮዋ እንደሚመጣ፣ አንዳንዴም ኮምጣጣ ውሃ አፏን እንደሚሞላው ነገረችኝ። ቀጥ ብላ ስትቆም ይተዋታል። ያን ጊዜ በውስጤ ሐኪሙ ነቃ። ሙሽራው ግን ተመልሰህ ተኛ እያለ ለመነው።

የድሮው ራጅ ቆማ የተነሳችው ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ወደምሠራበት ሆስፒታል፣ ራጅ ክፍላችን አመጣኋት። የክፍላችን ቀጭን ቴክኒሺያን፣ ሆድ ዕቃ በራጅ ጎልቶ እንዲታይ የሚጠጣውን ነጭ ባሪየም በኩባያ አቀረበላትና፣ «እህቴ፣ ከግድግዳው የተረፈ ኖራ ነው፤ እንዳትቀየሚን» አላት። እየሳቀች ጠጣች። ጠረጴዛውን ጭንቅላቷ ወደ ታች እስኪሆን አዘነበልነው፤ እንድትስልም ነገርናት። ስክሪኑ ላይ አየሁት። ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ ቀዳዳ በኩል፣ የጨጓራዋ አናት ሽቅብ ሾልኮ ደረቷ ውስጥ ገባ። ስናቆማት ወተት እንደሰረቀች ድመት ሹልክ ብሎ ወረደ።

ሄርኒያ ነበር።

ምስሉን እያሳየሁ አስረዳኋት። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ «እና እኔ አልነበርኩም ማለት ነው» አልኳት።

ምስሉን ብዙ አየችው። ከንፈሯ ላይ ያለው ነጭ ገና አልደረቀም።

«ይሄ ማሽን የሚያየው ይሄን ብቻ ነው?»

«አዎ።»

«እሺ» አለች። ከዚያ ጠበቀች።

ምን እንደምትጠብቅ ዐውቄያለሁ። ትወጂኛለሽ ወይ ማለት ነበረብኝ። አይ ብትለኝ ጥዬው የመጣሁት ሁሉ ከንቱ ሊቀር ነው፤ አዎ ብትለኝ ደግሞ አዝናልኝ ነው ብዬ አላምናትም። ስለ መድኃኒቱ አወራኋት።

የአሲድ መቀነሻ ክኒን ጀመረች። ራቷን በጊዜ መብላት፣ አለማጎንበስ ተማረች። እኔም ከአልጋዋ የራስጌ እግሮች ስር እንጨት አስገብቼ ከፍ አደረግሁላት። አሻላት እንጂ አልተዋትም፤ ቀዳዳው ሰፊ ነበር። በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሙ ጨጓራዋን ወደ ቦታው አውርዶ ቀዳዳውን በስፌት አጠበበው፤ የጨጓራዋንም አናት እንደ ሸሚዝ ኮሌታ በምግብ ቧንቧዋ ዙሪያ ጠቀለለው።

ሠርጉን እስክትድኚ ብዬ አራዘምኩት። ዳነች። እንደገና አራዘምኩት። ስትበላ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። እናቷ በደስታ ሲጨምሩላት፣ ለእኔ ግን በእያንዳንዱ ጉርሻ አንድ እርምጃ የምትርቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በአራተኛው ወር ለመጨረሻው ምርመራ መጣች። ጥሩ እንደሆነ ነገርኳት። ልትወጣ ስትል በሩን ይዛ ቆመች።

«ሌላ ከተማ፣ ማተሚያ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ።»

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ሰኞ።» በሩን ገፋ አደረገችው። «እሱንስ ጠየቅከኝ። ትልቁን ግን የጠየቅከው ማሽኑን ነው።»

«አሁን ብጠይቅሽስ?»

ፈገግ ብላ አየችኝ። ከዚያ ፈገግታ ብታለቅስብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከተጠረዘ በኋላ ገጽ አይገባም፣ ዶክተር።»

ዶክተር ብላ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከሄደች ሦስት ወር ሆናት። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ደረቴ ይቃጠላል። እህል አይወርድልኝም፤ ትራስ ተደግፌ እቀመጣለሁ። አክስቴ አይታኝ ምንም አላለችም፤ እሷ ዝም ስትል ደግሞ አይቼ አላውቅም።

ትናንት በምሳ ሰዓት፣ በሽተኛ በሌለበት፣ ቴክኒሺያኑን ለመንኩት። ኖራውን በጥብጦ ሰጠኝ፤ አልቀለደም። ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ጭንቅላቴን ወደ ታች አዘነበለኝ። ሳል አለኝ፣ ሳልኩ። ድገም አለኝ፣ ደገምኩ። ያ ጡንቻ ተከፍቶ ባየው ብዬ የተመኘሁትን ያህል በሕይወቴ ምንም ተመኝቼ አላውቅም።

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

«ምንም የለም፣ ዶክተር» አለኝ። «ሁሉም በቦታው ነው።»