ቀድመው የወጡት መጻሕፍት

የብራና ጠባቂው አቶ ስብሐት ሞተው የተገኙት በተቃጠለው የብራና ክፍል ውስጥ፣ እጃቸውን ወደ መዝጊያው እንደዘረጉ ነበር። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጓድ መሸሻና ዘበኛው ቶለሳ። ቀበሌው ታዲያ ምን ቸገረው፣ ደሀውን ዘበኛ መርጦ የፊጥኝ አሰረው።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንወስደዋለን» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር አጥናፉ። በ1970 ጉለሌ ውስጥ የተወሰደ ሰው ሲመለስ መርማሪው መቶ አለቃ ዓምሃ አላየም። ሰዓቱን አየ፤ አሥር ሆኗል።

የሟቹ ረዳት ብርቅነሽ ከግድግዳ የነቀለችውን ወረቀት ሰጠችው።

«የአደጋ ጊዜ መመሪያችን ነው። አቶ ስብሐት ‹መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ብራና› ብለው ጻፉ። ጓድ መሸሻ ሰርዞ የአብዮቱን መጻሕፍት አንደኛ አደረገ።»

«ብራናዎቹ ደህና ነበሩ?»

«አቶ ስብሐት አራቱ ጠፍተዋል ይሉ ነበር። ሰኞ ቆጠራ ልንጀምር ነበር።»

«ዝናቡ መቼ ጀመረ?»

«ሰባት ሰዓት። እሳቱ ስምንት ላይ ተነሣ።»

ዓምሃ ግቢ ወጣ። ቀያዮቹ የአብዮት መጻሕፍት ሜዳው ላይ፣ በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ሸራ ለብሰዋል። ሸራውን ገልጦ ዳሰሰና ሁሉንም እዚያው ጠራቸው።

«ጓድ መሸሻ፣ እነዚህን ማን አወጣቸው?»

«እኔ ነኛ። ጭሱን እንዳየሁ በእቅፌ አመላለስኳቸው። ሸራውን መጨረሻ ላይ አለበስኩ።»

«በዚያ ዶፍ?»

«ለአብዮቱ ዝናብ ምንድን ነው?»

«እንግዲያው ለምን ደረቁ? ወንበሩም ከሥራቸው ደረቅ ነው። የወጡት ከሰባት ሰዓት በፊት ነው። እሳቱ ሳይነሣ እንደሚነሣ ያወቀ የለኮሰው ብቻ ነው። የሸጥካቸው ብራናዎች በቆጠራው እንዳይታወቁ ክፍሉን ከጠያቂያቸው ከአቶ ስብሐት ጋር አቃጠልክ።»

መሸሻ ላቡን ጠረገ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ሰው ቢቃጠል አደጋ ነው ይባላል። እነዚህ ቢቃጠሉ ግን የምረሸነው እኔ ነኝ።»

አጥናፉ ጎንበስ ብሎ አንዱን ቀይ መጽሐፍ አገላበጠ።

«መጻሕፍቱ ግን ምንም አልሆኑም፣ አይደል?»

ዓምሃ ሊሰድበው ፈልጎ ዋጠው። ገመዱን በገዛ እጁ ፈታ። «ጋሽ ቶለሳ፣ ቤትዎ ይግቡ።»

«ሬሳውን ማን ያነሣል?» አሉ ቶለሳ። ያበጠ እጃቸውን እያሻሹ ወደ ተቃጠለው ክፍል ገቡ።