በደሴቲቱ ዙሪያ የመጀመሪያው ማረፊያ

በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ብታይ ምን ትለዋለህ፣ አንባቢ? እብድ? ልታይ ባይ? አትፈር፤ የደሴቲቱ ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚለው። ስቆበት አልበቃው ሲል የእናት አባቱን ስም አስረስቶ «ጋሼ ፋኖስ» አለው። ጋሼ ፋኖስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእንግዶች የመኪና ጉዞ ሲነድፍ የኖረ ሰው ነው። ከእሳተ ገሞራው ግርጌ እስከ ጥቁሩ አሸዋ ድረስ ያለውን እያንዳንዱን ኩርባ በእግሩ ለክቷል። ማክሰኞ ማለዳ ግን ሬሳው ከፍል ውሃው ጎድጓዳ ወጥቶ ሣር ላይ ተጋደመ። ቁስል የለበትም። ደም የለም። ከሸሚዙ አንድ ቁልፍ እንኳ አልተበጠሰም።

መርማሪዋ የደረሰችው አራት ሰዓት ላይ ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር እናቷ ያላወረሰቻት ሴት ናት። የጣቢያው አዛዥ ፈገግ ብሎ ተቀበላት።

«በከንቱ ደከሙ፤ ጉዳዩ አልቋል። ሾፌሩ ነው። ትናንት ቢሮ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሁለት ሆነው መጡ፤ አንዱ ሞተ። ምን ቀረው?»

«የሞተበት ምክንያት ቀረዋ! አንቆታል?»

«አንገቱ ላይ ምልክት የለም።»

«መትቶታል?»

«አልመታውም። ሐኪሙ ልቡ ሳይሆን አይቀርም ነው የሚለው።»

«ልቡ ከሆነ የሾፌሩ እጅ ለምን ታሰረ? ልብህን አቁም ብሎ አዘዘው?»

አዛዡ ፈገግታውን ዋጠ።

ከጀርባው ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ከጎድጓዳው በላይ አዲስ ሎጅ የሠራው ባለጸጋ ነው፤ የዓሣ አጥማጅ ቦት ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ሌላው የጉዞ ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት የጎብኝዎች ቢሮ ኃላፊ ነው፤ ሌሊቱን በሎጁ እንግድነት ያደረ፣ ክራቫቱን አስሮ የወረደ ሰው።

«እህቴ፣ በጣም አዝነናል» አለ ባለ ሎጁ። «ግን ነገ ሳይነጋ አሥራ አንድ ቤተሰብ በአሥራ አንድ ኪራይ መኪና ይነሳል። የአምስት ቀን ዙር ነው። የመጀመሪያው ማረፊያ እዚሁ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ልጆቹ ወርደው ፍል ውሃው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ሬሳው ቶሎ ቢነሳልን...»

«እህትህ አይደለሁም። አንተ ማለዳ የት ነበርክ?»

«ጀልባዬ ላይ። ዓሣ ሳጠምድ።»

«ቀናህ?»

«ዛሬስ ባዶ እጄን ተመለስኩ።»

ጀርባዋን ሰጠችውና ወደ ጎድጓዳው ሄደች። ሁለት ሰው ቁመት የሚያህል፣ እንደ ሳህን የተቦረቦረ ስፍራ ነው። አዲስ የእንጨት ደረጃ ይወርድበታል፤ ከሥሩ ውሃው ይፍለቀለቃል። ከደረጃው አፋፍ ላይ ፋኖሱ በጎኑ ወድቋል፤ መስታወቱ ተሰብሯል፣ ጋዙ ሣሩን አርሶታል። ክሩን በጥፍሯ ነካችው። ነጭ ነው፤ አዲስ ተቀይሮ ገና እሳት አልጎበኘውም። እጀታው ላይ የታሰረው ረጅም ገመድ እንደተጠቀለለ ነው። ነፋሱ ፊቷን እየገረፋት ወረደች። ከውሃው ዳር አንዲት ትንሽ ወፍ ክንፏን እንደከተተች ሞታለች። ድመት አልነካቻት፣ ድንጋይ አልመታት። መርማሪዋ አንስታ በመሐረቧ ጠቀለለቻት።

ሾፌሩ በፖሊስ መኪና ውስጥ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ እኔ ጋሼን ልገድል? ያሳደጉኝን ሰውዬ?»

«አታልቅስብኝ፣ ንገረኝ። ምን ሆነ?»

«"አንተ መኪናውን መንገዱ ላይ አቁም፤ እኔ ፋኖሴን አውርጄ አይቼ እመጣለሁ" አሉኝ። ሄዱ። መስታወት ስወለውል ቆየሁ። ብጠብቅ የሉም። ብጣራ ዝም። ስወርድ ከሥር በአፍጢማቸው ተደፍተዋል። ላነሳቸው ጎንበስ ስል ጉልበቴ ከዳኝ፤ ጆሮዬ ጮኸ። እንደምንም ወደ ላይ ወጣሁና ነፋስ ሲነሳ ተመልሼ ጎትቼ አወጣኋቸው።»

«ነፋስ ሲነሳ?»

«ሰሞኑን ፀሐይዋ ከተራራው ብቅ ስትል ነው የሚነሳው። ከዚያ በፊት ታች ቅጠል አይነቃነቅም።»

«ይህን ለአዛዡ ነግረኸዋል?»

«"የነፍሰ ገዳይ ጉልበት እንዲህ ነው የሚከዳው" አለኝ።»

«የትናንቱ ጭቅጭቅስ?»

«ስለ አቅጣጫ ነው፣ እትዬ! ጋሼ ዙሩ ይገልበጥ አሉ። በፏፏቴው በኩል ተጀምሮ እዚህ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ይደረስ አሉ። እኔ ደግሞ እነዚያ ሚጢጢ መኪኖች ያንን ዳገት በዚያ በኩል ከወጡ ፍሪሲዮናቸው ተቃጥሎ ቤተሰቡ ሁሉ መኪና ሲገፋ ይውላል አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

መርማሪዋ ወደ ጉዞ ቢሮው ሄደች። አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳውን የደሴቲቱ ካርታ ሞልቶታል፣ ስምንቱ ማረፊያዎች በቀይ መርፌ ተወግተዋል። ጸሐፊዋ ዓይኗ አብጦ አሥራ አንድ የጉዞ ፕሮግራም ፖስታ ውስጥ ትከታለች።

«አለቅሳለሁ፣ እከታለሁ» አለች። «ምን ላድርግ? ቤተሰቦቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊወስዱ ይመጣሉ።»

«ትናንት ጠረጴዛው ዙሪያ ማን ማን ነበር?»

«ጋሼ ፋኖስ፣ ሾፌሩ፣ ባለ ሎጁ፣ ክቡር ኃላፊው። ለእኔ ወንበር አልተረፈኝም፤ ቆሜ ነው የጻፍኩት። ሾፌሩ ስለ ዳገቱ ሲጮህ ባለ ሎጁ "እሰይ፣ የባለሙያ አፍ!" ይላል። ጋሼ ግን አልፈርምም አሉ። "እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ፍየሎች ቆመው ሲወድቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ከመሬት የሚወጣው መጥፎ አየር አይታይም፣ አይሸትም፤ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ይተኛበታል። የወረደ ፋኖስ ከጠፋ የወረደ ሰውም ይጠፋል" አሉ።»

«እነሱስ?»

«ሳቁ! ኃላፊው "ጋሼ፣ አሁን ዘመኑ የባትሪ ነው" አሉና እሳቸው ራሳቸው ፈረሙ። ጋሼም ተቆጥተው "ነገ ጎህ ሲቀድ ሄጄ ፋኖሴን አወርዳለሁ። ከጠፋ ለእያንዳንዱ አባትና እናት በአፌ እነግራለሁ" ብለው ወጡ።»

«ፋኖሱን ሳያወርድ የወረደበት ቀን አለ?»

«ጋሼ? ሲያነጥሱ እንኳ መጀመሪያ ግራ ቀኝ የሚያዩ ሰው ናቸው!» ሳቋ መጥቶ እንባ ሆነባት። «አንዴ ብቻ። አምና የእንግዳ ልጅ ወደ ፏፏቴው ሲንሸራተት አይተው ከነጫማቸው ዘለሉ። ባለ ሎጁ አሁንም ያንን እያነሳ ይቀልድባቸዋል።»

መርማሪዋ ወደ በሩ ዞረች። ዓይኗ ከበሩ አጠገብ ባለው መስቀያ ላይ ነበር። ስድስት ቢጫ የልጆች ዝናብ ልብስ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረዋል፤ ቢሮው ፏፏቴው ዘንድ ለእንግዳ ልጆች የሚያውሳቸው ናቸው። ጀርባቸው ላይ የቢሮው ስም ተጽፏል። አምስቱ አቧራ ለብሰዋል። ትንሿ ግን ታጥባ፣ ተጣጥፋ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ መስመር ወጥቶላታል።

«ይቺን ማን አጠባት?»

«እኔ አይደለሁም። ሦስት ሳምንት ዝናብ ጠብ አላለም። ዛሬ ጠዋት ስገባ አምስት ነበሩ፤ አንዷን ማን ወሰደ ብዬ ነበር። ቅድም ነው ከሎጁ በወረቀት ተጠቅልላ የመጣችው።»

መርማሪዋ ልብሷን ገለበጠች። አንገቷ ሥር ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቢጫ ክር ተሰፍተዋል። ኪሷን ስትፈትሽ ጥቂት ደረቅ ሣር ጣቷ ላይ ቀረ። ልብሷን ይዛ ወጣች።

የሎጁ ልብስ አጣቢ ክንዳቸው እስከ ክርን አረፋ የለበሰ አሮጊት ናቸው።

«እማማ፣ ይቺን የሰፋሽልን አንቺ ነሽ?»

«እንዴታ ልጄ! ጌታው ያወጡት ደንብ ነው፤ እንግዳ የረሳው ዕቃ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ምሳ ሳይደርስ ለባለቤቱ ይመለሳል። ከድሮው ሎጃቸው ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ካልሲ አልጠፋችብኝም! የቢሮው ስም ጀርባው ላይ ስላለ ላክሁት።»

«ከየትኛው ክፍል አገኘሽው?»

«ከክፍል አይደለም። ከጌታው የዓሣ ቅርጫት ሥር። ከባሕር ሲመለሱ እርጥቡን ቅርጫት እኔው በር ላይ ጥለው ይገባሉ፤ ዛሬም እንዲያ ሲያደርጉ ሾፌሩ ሲጮህ ተሰማና ሮጡ። ልብሱ ሣር ታጭቆበታል፣ መንጠቆ አንገቱን ቀዶታል። ምን ዓይነት ባለጌ ልጅ ነው እንዲህ የሚጫወት አልኩ።»

«አዎ፣ እማማ» አለች መርማሪዋ። «ባለጌ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮው ጢም አለ። አባቶች ካርታ እያጠፉ፣ እናቶች ልጆች እየተቆጡ፣ ልጆች ቀዩን መርፌ ሊነቅሉ እየተንጠራሩ። አዛዡ ሾፌሩን ከነሰንሰለቱ አመጣው። ባለ ሎጁና ኃላፊው ከፊት ተቀመጡ።

«ይሄ ነገር እንግዶች ፊት መሆን ነበረበት?» አለ ኃላፊው።

«እነሱ ፊት ካልሆነ ማን ፊት?» አለች። ከዚያም ወደ ቤተሰቦቹ ዞረች። «ዛሬ ማለዳ ይህን ጉዞ የነደፈላችሁ ሰው ሞቷል። ሾፌሩ ገደለው ተባለ። ሾፌሩ ከገደለው ጎድጓዳው ንጹሕ ነው፤ እናንተም ነገ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ጆሮ ስጡኝ።»

መሐረቧን ፈታች። ወፏን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይቺን ወፍ ሾፌሩ አልገደላትም። ሾፌሩም ጎንበስ ሲል ራሱን ሊስት ነበር። የሟቹ ገላ ላይ ምልክት የለም። ሦስቱንም አንድ ነገር ነው የነካቸው፤ ታች የተኛው መጥፎ አየር። እዚህ ድረስ ነገሩ አደጋ ይመስላል። ግን ይህ ሰው ፋኖሱን ሳያወርድ እግሩን የማያወርድ ሰው ነው። ዛሬ የሄደውም ለዚያው ነበር። ታዲያ ክሩ ለምን አልነደደም? ገመዱ ለምን አልተፈታም? ፋኖሱን አላስቀመጠውም፣ ጣለው። ጥሎት ሮጠ። እንዲህ ያለ ሰው የዕድሜ ልክ ደንቡን አስጥሎ የሚያስሮጠው ምንድን ነው?»

ከኋላ አንዲት እናት «ልጅ» አለች፣ ለራሷ።

«ልጅ! ታች ተደፍቶ ያለ ቢጫ ልብስ የለበሰ ሕፃን አየ።» ልብሷን ከፍ አድርጋ ዘረጋች። «በሣር የታጨቀች ይቺን አየ። ፏፏቴው ላይ እንደዘለለው ዘለለ። ሲወድቅ ማዶ የተደበቀው ሰው በዓሣ ማጥመጃ ክር ያወረደውን አሻንጉሊት በዚያው ክር ጎትቶ አወጣ። የመንጠቆው ቀዳዳ ይኸው፣ አንገቷ ላይ። ትናንት ከዚህ መስቀያ ሊወስዳት የሚችለው ስብሰባው ላይ የነበረ ሰው ነው። ሾፌሩም ነበር፣ ጸሐፊዋም ነበረች። ልብሷ የተገኘችው ግን ከማን ቅርጫት ነው? አጣቢዋ እዚህ አሉ፤ ጠይቋቸው።»

አሮጊቷ በነጠላ ጫማቸው በሩ ላይ ቆመዋል። ጌታቸውን አዩ። «ዓሣ የሌለበት ቅርጫት ነበር፣ ጌታዬ» አሉ ቀስ ብለው።

ባለ ሎጁ ዘሎ ተነሳ። «ውሃ የማያነሳ ወሬ ነው! ለምን ብዬ? ሰውዬው ያወራው ተረት ነው። መጥፎ አየር የሚባል ነገር የለም!»

«ከሌለ ምን ያስፈራሃል? ነገ ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ አንተ ውረድ። እነዚህ ሁሉ አፋፉ ላይ ቆመው ያዩሃል።»

«ነገ?» ላቡን ጠረገ። «ነገማ ነፋስ... እሱ እኮ በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው! ለሁለት ሦስት ቀን ብሎ የዓመት ሥራዬን ሊዘጋ...»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰውዬው የተናገረውን የሰማው ከሁሉም በኋላ ነበር። አዛዡ አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰንሰለቱን ከሾፌሩ እጅ ፈትቶ ወደ ባለ ሎጁ እጅ ወሰደው። ሾፌሩ የተፈታ እጁን ፊቱ ላይ ከድኖ ቆመ። ጸሐፊዋ ክንዱን ያዘችው።

ገዳይ ሲያዝ ሰው ሁሉ እፎይ ይላል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። የጎብኝዎች ቢሮው ኃላፊ ከሁሉ ቀድሞ እፎይ ብሎ፣ ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ወደ በሩ አመራ። መርማሪዋ ከፊቱ ቆመች። ቁመቷ ደረቱ ድረስ ነው።

«የት?»

«ስብሰባ አለብኝ። ወንጀለኛው ተይዟል እኮ።»

«አንዱ ተይዟል። እሱ አንድ ሰው ገደለ። እርስዎ የፈረሙት ወረቀት ግን አሥራ አንድ ፖስታ ውስጥ ነው፤ የነገ ማለዳ ሰዓት ተጽፎበታል። ሟቹ አልፈርምም ሲል ሰምተዋል። ስለ ፍየሎቹ ሰምተዋል። ስቀው ፈረሙ።»

«በጽሑፍ... ቢሮዬ ውስጥ ጥያቄዎን ያቅርቡና...»

«ቢሮዎ ውስጥ አይሆንም! በጽሑፍም አይሆንም!» ድምጿ የካርታውን ወረቀት አንቀጠቀጠው። ከአባቶቹ አንዱ ፖስታውን ቀዶ ፊርማውን ያይ ጀመር። ሌሎችም ተከተሉት። «እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ዓይን ዓይናቸውን ያዩና ይመልሱ፤ ጉድጓዱ ሰው እንደሚገድል እየተነገረዎት ሕፃናት ጎህ ሲቀድ ይውረዱበት ብለው ለምን ፈረሙ? አሁን፣ እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ ይናገሩ!»