ግራ ክንድ፣ የውሻ ንክሻ

ሂባቅ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቷ፣ አልጋዋ ላይ በትራስ ታፍና ተገኘች። መርማሪዋ ፋርሂያ ስትደርስ የሟቿ ፊት ገና አልተሸፈነም ነበር። አፏ በደም ተበክሏል፤ ከላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቿ አንዱ ከድሮም የለም፤ ከንፈሯና ድዷ ግን ደህና ናቸው። «ደሙ የሌላ ሰው ነው» አለች ፋርሂያ በሆዷ።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ የነበራቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሱቋ ሠራተኛ ሙስአብና የሞተው ባሏ ወንድም ጃማዕ። ሙስአብ ወዲያው ታሰረ፤ መቼም ድሃ ለመጠርጠር ቅርብ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከቀብር መልስ ወላጅ አልባ የቀረችውን የሂባቅን ልጅ ሳቢሪንን ለአጎቷ ለጃማዕ ሊያስረክቡ ተስማሙ።

የጃማዕ ግራ ክንድ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ፋርሂያ።

«የደቻቱን ወንዝ ስሻገር ውሻ ነከሰኝ። የንጋቱ ሱብሂ እንዳያመልጠኝ ክንዴን በፎጣ ጠቅልዬ በቀጥታ ሶላት ገባሁ። ወላሂ፣ ሰፈሩ በሙሉ አይቶኛል! ጤና ጣቢያ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

የጤና ጣቢያው ካርድም «ግራ ክንድ፣ የውሻ ንክሻ» ይላል፤ የተሰጠው የሕመም ኮድም የውሻ ንክሻ ነው። ጽሑፉ የጤና መኮንኑ የፍራኦል ነው።

«ውሻ ነው አለኝ፣ ውሻ ብዬ ጻፍኩ» አለ ፍራኦል። «ሰው ተሰልፎ ነበር አቦ! የእብድ ውሻ ክትባት ልወጋው ስል ግን እምቢ ብሎ ሄደ።»

«ቁስሉን አየኸው?»

«አጠብኩት... ማየቱን እንኳ በደንብ አላየሁትም።»

ፋርሂያ ሁሉንም በሂባቅ ግቢ ሰበሰበች። ሙስአብ እጁ በካቴና ታስሯል። ሳቢሪን ልብሷን በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጃማዕ፣ ልጆች ውሻ ሲነኩ የምትቆጣው አንተ ነህ አይደል?»

«እና?»

«የውሻ ምራቅ የነካው ከመስገዱ በፊት ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እንደሚታጠብ እኔም አንተም እናውቃለን። አንተ ግን በቀጥታ ሰገድክ። የነከሰህ ውሻ እንዳልሆነ ስለምታውቅ ምንም አልከበደህም። ውሻውን የፈጠርከው ኋላ፣ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ነው። ክትባቱንም የናቅከው ለዚያ ነው። ፍራኦል፣ ፋሻውን ፍታው።»

ውሻ በክራንቻው ይወጋል፣ ሥጋ ይቦጭቃል። እዚህ ክንድ ላይ ያሉት ግን ትይዩ የሆኑ ሁለት የጥርስ ቅስቶች ናቸው፤ በአንደኛው መሃል የአንድ ጥርስ ቦታ ባዶ ነው። ፍራኦል አይቶ አቀረቀረ።

«በዱማል ላግባት ብላት እምቢ አለችኝ!» ብሎ ጮኸ ጃማዕ። «የወንድሜን ሚስት ማግባት ወጌ አይደለም? ሰው ፊት አዋረደችኝ!»

የሌባ ዐይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ፤ ተበዳይ መሆኑ ነው! ካቴናው ከሙስአብ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ።

ሳቢሪን የፋርሂያን ቀሚስ ጎተተች።

«እናቴ ነክሳዋለች?»

«አዎ ልጄ፣ በደንብ ነክሳዋለች።»

«ታዲያ ለምን አልለቀቃትም?»

ፋርሂያ ልጅቷን አቅፋ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።