ነቅለኸዋል?

ወላሂ፣ ይህ የምጽፈው ሆኗል። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፤ በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል። ቦታው ሞጣ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለችው የሥራ ክፍል።

ጨለማ አልነበረም... ፀሐይዋ ቆርቆሮውን እያጋለችው ነበር።

እኔ አብዱራዛቅ ያን ቀን ሰው ልገድል ተዘጋጅቼ ነበር።

ሰውየው ደምለው ይባላል። የቢቸና ልጅ ነው፤ ጊታር ይጫወታል። የታላቅ ወንድሜ የከሊፋ የልብ ጓደኛ ነበር።

ከሊፋ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ለደምለው ጊታር የድሮ ዓይነት አምፕሊፋየር መሥራት ጀመረ፤ በቫልቭ የሚሠራውን። ቫልቭ ትንሽ አምፖል የሚመስል የመስታወት ዕቃ ነው፤ ሲሞቅ ውስጡ ብርቱካናማ ሆኖ ይበራል። ድምፁን የአሁኖቹ አይደርሱበትም።

ሳይጨርሰው ኤሌክትሪክ ገደለው። እዚያችው ክፍል ውስጥ፣ እጁን ዕቃው ውስጥ እንዳስገባ።

"ስፒናውን የሰካው ደምለው ነው" አልኩ እኔ። "ለመጫወት ቸኩሎ።"

ደምለው "እኔ አልነካሁም" ብሎ ማለ። ማን ይስማው? በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ። ደምለው ለሰላም ሲል ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ እናቴ መሪማ እግር ላይ ወደቀ። ድንጋዩን ከጫንቃው ያነሳሁለት እኔ ነኝ።

እናቴ ይቅር አለች። እኔ አላልኩም።

አምና ቢቸና ሰርግ ላይ ጊታሩን ይዞ ሲስቅ አየሁት። ደሜ ፈላ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ብዬ ተመለስኩ፤ የከሊፋንም ጅምር ከተቀመጠበት አወጣሁት።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀብኝ። ቫልቮቹን ከአባቴ አሮጌ ሬዲዮ ወሰድኩ፤ ሳጥኑን ከዋንዛ ጣውላ ሠራሁ። አንዲት ነገር ብቻ ሆን ብዬ ተውኩ።

እንዲህ ያለው ዕቃ ውስጥ ካፓሲተር የሚባል አለ። ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ያህል ይዞ ይቆያል። ያን የምታፈስ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ትገባለች።

እኔ አላስገባኋትም።

ደምለው ሙያውን ከከሊፋ ለቃቅሟል። አዲስ ዕቃ ካየ ጀርባውን ከፍቶ ሳይነካካ አይተውም። ከመንካቱ በፊት ግን መጠየቁ አይቀርም። የዚያች ክፍል ሕግ ነበር፤ ከሊፋ ሁላችንንም ያስለመደን...

"ነቅለኸዋል?"

እኔም ዓይኑ እያየ እነቅልና "አዎ" እለዋለሁ። ውሸት እንኳ የለበትም።

በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር ሆነ።

ጠዋት ስገባ ብሎኖቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ከትልቅ ወደ ትንሽ። እኔ ብሎን የማጠራቅመው በጣሳ ነው። የሚደረድረው ከሊፋ ነበር።

ቀጥሎ ሁለት ሽቦዎች ተበይደው አገኘሁ። እኔ አልበየድኳቸውም። የተጠመዘዙት ወደ ግራ ነው...

ከሊፋ ግራኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ምሳ እያቀረበች ድንገት እጇ ቆመ።

"አብዱ..."

"አቤት እማ።"

"የወንድምህን ሳል ሰማሁ።"

"የኔ ነው እማ።"

"ያንተን አውቀዋለሁ" አለች ቀስ ብላ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ግን አልፈራሁም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ከሊፋ ደሙን ሊመልስ መጥቶ እያገዘኝ ነው አልኩ።

ሥራው እንዳለቀ ለደምለው ደወልኩ።

"የጀመረልህን ጨርሼልሃለሁ። ና ውሰድ።"

ስልኩ ላይ አለቀሰ።

ቅዳሜ መጣ። እናቴን ትከሻዋን ስሞ ወደ ጀርባ አለፈ። ጊታሩን ሰካ። አንድ ክር ነካ... ድምፁ ሞቅ ብሎ ደረቴ ውስጥ ገባ። ደምለው ዓይኑን ጨፍኖ ተጫወተ፤ እኔ እጆቹን አያለሁ።

ድንገት የሰፈሩ ወፍጮ ዝም አለ። መብራት ጠፋ።

ቫልቮቹ ግን አልጠፉም።

ወትሮ ጥቂት ቆይተው ይደበዝዛሉ። አንድ ደቂቃ... ሁለት... ሦስት...

"አብዱ፣ ለምንድን ነው የማይጠፋው?" አለ በሹክሹክታ።

"ሙቀቱ ነው።"

ጎንበስ ብዬ ስፒናውን ነቀልኩ። እያየኝ። ቫልቮቹ ይባስ ደመቁ።

ደምለው ካቻቢቴ አንስቶ ጀርባውን ፈታ። እጁን ዘረጋ። ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተ...

ከእሱ በፊት ስፒከሩ ጠየቀ።

"ነቅለኸዋል?"

የከሊፋ ድምፅ ነው። ያ ጎርነን ያለው፣ ከሳሉ ጋር።

ከዚያ ሌላ ድምፅ መለሰ። ወጣት፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ያለ...

"አዎ፣ ነቅያለሁ።"

የኔ ድምፅ ነበር።

ቀጥሎ ከዚያው ከስፒከሩ ውስጥ በርጩማ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያም ከሩቅ፣ ከግቢው በር አካባቢ፣ ደምለው፦ "ኧረ ምን ሆናችሁ?"

እስካሁን ደብቄያችሁ ነበር። ከሊፋ የሞተ ቀን ስፒናው እንደተሰካ እግሬ ሥር ነበር። እኔ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ሲጠይቀኝ ቀና እንኳ አላልኩም። ደምለው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሰባት ዓመት ስደጋግመው ውሸቴን ራሴም አመንኩት።

ደምለው ካቻቢቴውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ከተከፈተው ጀርባ ውስጥ ባዶውን ቦታ አየ፤ ሬዚስተሯ የምትገባበትን። ሁሉም ገባው።

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ያን ድንጋይ ከጫንቃዬ ስታነሳ" አለ፣ "እጅህ አልተንቀጠቀጠም።"

ጊታሩን አንስቶ ሄደ። ለእናቴ ምንም አልነገራትም።

ጀርባውን መልሼ ገጠምኩት፤ ወደ ውስጥ እጄን ለመስደድ ግን አልደፈርኩም። ገመዱን ከሥሩ ቆረጥኩት። ስፒናው ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው።

ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው... ቫልቮቹ አሁንም ይበራሉ።

ዛሬ ከሰዓት የክፍሉ በር ተከፍቶ አገኘሁት። የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ተፈቷል። ብሎኖቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ።

እናቴ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ አስጠግታ፣ ሰው እንደሚያወራት ራሷን ትነቀንቃለች።

ግራ እጇን ወደ ውስጥ ልትሰድ ዘርግታለች። እናቴ ግራኝ አይደለችም።

"እማ፣ እጅሽን መልሺ" አልኳት። አልመለሰችም።

ቀስ ብላ ዞረችና አየችኝ።

"ነቅለኸዋል?"

ይህን የምጽፍላችሁ በሩ ላይ ቆሜ፣ በስልኬ ነው። ኪሴ ውስጥ ያለው ስፒና እየጋለ ነው።

እጇን አልሰበሰበችም። መልሴን እየጠበቀች ነው።