አረንጓዴ ናስትሮ

ቤታችሁ ያለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ነቅላችሁ፣ እናታችሁን ሳይቀር ዝም አሰኝታችሁ፣ አሁንም አንድ ድምፅ ጆሯችሁ ውስጥ እዝዝ ብሎባችሁ ያውቃል? ካላወቀ በዚህች ልጅ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

ብርድ ልብስ ተከናንባ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች። ማይኩ ከፊቷ በርጩማ ላይ ቆሟል፤ ኬብሉ በበሩ ስንጥቅ ወጥቶ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቷል፤ የማይኩን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማለች። ለትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ክበብ አንባቢ ለመሆን የምትወዳደርበትን ጽሑፍ እየቀረጸች ነው። ንባቧ ጥሩ ነው። ከሥሩ ግን ጠርሙስ ውስጥ እንደታሰረ ንብ አንድ ነገር ያለማቋረጥ ይጮኻል። ፍሪጁን ነቀለች፤ እዝዝ። አምፖሉን አጠፋች፤ እዝዝ። ቻርጀሩን ነቀለች፤ ያው እዝዝ።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የእናቷን የስፌት መኪና ነበር።

«እማዬ፣ ሞተሩ ነው። እስክጨርስ አትስፊ።»

«የሰው ልብስ ይዤ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«አንድ ሁለት ቀን ብቻ። በናትሽ።»

እናቷ መኪናውን በጨርቅ ሸፈነችው። «ቀጥሎ እኔንም ከሶኬት እንዳትነቅይኝ» ብላ ሳቀች። እዝዝታው አልቆመም፤ ልጅቷ ግን ስፊ አላለቻትም፤ አንድ ሁለት ቀን የተባለው ሳምንት ሆነ። ደንበኛዋ መጣችና ያልተሰፋ ጨርቋን በፌስታል ጠቅልላ ሄደች። ያን ዕለት እናቷ አልቀለደችም።

ማይኩ የክበቡ ነው፤ ተወዳዳሪዎች ተራ በተራ ቤታቸው ወስደው ይቀርጹበታል። ከእሷ በፊት የወሰደችው የቅርብ ጓደኛዋ ናት። ሳቋ ከግቢው ጫፍ ስለሚሰማ «ደወል» ይሏታል።

«እኔ ጋ ምንም አላለም» ብላት ነበር ደወል። «የእናንተ ቤት ነው። ግድግዳችሁ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።»

ቅጂው በሚላክበት ቀን ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ሠራ፤ ንቧ ግን ጸጥ አለች። ልጅቷ ማንበብ ጀመረች። ግማሽ ላይ ሳትደርስ መብራት መጣ። ንቧም አብራ መጣች።

አለቀሰች። እያለቀሰች የማይኩን ብረት አንቃ ልትሰብረው ጨበጠችው። እዝዝታው ቀጠነ። ለቀቀችው፤ ወፈረ። እንደገና ጨበጠች፤ ቀጠነ። ኬብሉን በጣቶቿ ተከትላ ጫፉ ጋ ስታጥፈው ጆሮዋ ውስጥ ተንጫጫ። የመሰኪያውን ሽፋን ፈታችው። ውስጡ ያለው፣ የኤሌክትሪክ እዝዝታን የሚከላከለው የሽቦ ጥልፍ ተበጥሷል፤ የበጠሰው ሰው ደግሞ ሸፋፍኖታል፣ በአረንጓዴ ናስትሮ። ደወል እስክሪብቶዎቿ እንዳይሰረቁ የምትጠቀልልበት ናስትሮ ነው።

ግድግዳው ምንም አላጠፋም። መኪናውም ምንም አላጠፋም።

ሌላ ኬብል ለማምጣት ጊዜ አልነበረም። ያንኑ እዝዝታ ላከች።

በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደወልን ጠብቃ የተፈታውን ጫፍ አሳየቻት።

«አታካብጂ ባክሽ» አለች ደወል ወዲያ ወዲህ እያየች። «ቀርጬ ስጨርስ እግሬን ጠለፈኝና ተበጠሰ። ብናገር ቲቸር ከክበቡ ያባርሩኛል።»

«ለእኔ ግን መናገር ትችዪ ነበር። እናቴ ሥራ ያቆመችው በዚህ ነው።»

«እኔ ነኝ አቁሚ ያልኳት? አንቺ ነሽ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት አንባቢነቱን እለቅልሻለሁ። ዝም በይ ብቻ።»

በጣም ያመማት «አንቺ ነሽ» መባሏ ነው። እውነት ስለነበረ።

ከሰዓት በኋላ ክበቡ ተሰበሰበ። መምህሩ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። የእሷ ሲደርስ ከኋላ አንዱ «ማር ስንት ገባ?» አለና ክፍሉ ሳቀ። ደወል እንኳ ፈገግ አለች።

«ሥራን ማክበር ከቤት ይጀምራል» አሉ መምህሩ፣ አንባቢነቱን ለደወል ሰጥተው። «ቤቷ ውስጥ ጸጥታ ማስከበር ያልቻለች ልጅ ለትምህርት ቤት ልታነብ አትችልም።»

ጸጥታ። ቤቷ ውስጥ የነበረውን ጸጥታ አልሰሙትም፤ መኪናው ተሸፍኖ፣ እናቷ እጇን አጣጥፋ፣ ጨርቁ በፌስታል ሲወጣ። የሚመለስ ነገር እንደሌለ ልጅቷ ታውቃለች። አንባቢነቱ ለደወል ተሰጥቷል። ደንበኛዋ ሌላ ሰፊ ጋ ሄዳለች። ጓደኛም ከዛሬ በኋላ አይኖራትም።

ቢሆንም ተነሳች። ኬብሉን ከቦርሳዋ አውጥታ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ አረንጓዴው ከሩቅ ይታያል።

«ቲቸር፣ ውጤቱ ይቅርብኝ» አለች። ከዚያ ወደ ደወል ዞረች። «ጠዋት በር ላይ ለእኔ ብቻ የነገርሽኝን አሁን እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ ተናገሪ። ይህን ኬብል ማን ነው የበጠሰው?»