ጥሩ ሎኬሽን

ሻፊ በገዛ ሱቁ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ ከወተት ካርቶኖች መሀል በጎኑ ተኝቶ ተገኘ። ከኋላ ጭንቅላቱን ተመትቷል፤ የጉዞ ሻንጣው አጠገቡ ቆሟል። ኮሮና ሁለተኛ ዓመቱን በያዘበት ጥቅምት፣ ሰኞ ጠዋት ነበር። የጆሃንስበርጉ ሰፈር የሮዘተንቪል ሰው ደግሞ ወሬ ካለ ማስክም ርቀትም አያግደውምና ሱቁ ደጅ ላይ ግጥም ብሏል።

ሳጅን ማቡዛ አስተርጓሚ አስጠራ። የመጡት ወይዘሮ የአለምወርቅ ነበሩ። ድሮ ቡታጅራ ወንጀል መርማሪ ሳሉ ስማቸው ሲነሳ ሌባ ይደነግጥ ነበር፤ ጆሃንስበርግ ከገቡ ወዲህ ፍርድ ቤት የሰው ቃል እየተረጎሙ ይኖራሉ። ስልሳ ሊሞላቸው ነው፤ ጆሯቸው ግን አላረጀም።

«ማማ፣ ሥራዎ ቀላል ነው» አላቸው ሳጅኑ በእንግሊዝኛ። «ሟች ከደርባን ለሚስቱ የላካቸውን መልእክቶች ይተረጉሙልኛል፤ ከዚያ እሷን ይዤ እሄዳለሁ።»

«እሷን ለምን?»

«ሐሙስ ተጣልተው ‹ደርባን ከሄድክ ሞተህ ተመለስ› ብላዋለች፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ዓርብ ሄደ፤ እሑድ ማታ እንደሚመለስ ጻፈላት፤ ይኸው ሞቶ ተገኘ።»

የአለምወርቅ ወደ ጥጉ ዞር አሉ። ጦይባ ትንሿን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሁለቱ ታላላቆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ እናታቸው ከታሰረች ከሰዓት ማን እንደሚቀበላቸው አይታወቅም። የአለምወርቅ ግን ሚስት ስላለቀሰች ንጹሕ ናት የሚሉ ሴት አይደሉም።

«ልጄ፣ ብለሻል?»

«ብያለሁ እትዬ። ንዴት ነው። ከዘመድ ነጥሎ የማላውቀው የባሕር ከተማ ሊወስደኝ ነው ብዬ።»

«እሱስ ለምን ጓጓ?»

«ከሎኬሽን እንዲርቅ ነዋ! ዲፕስሉት በሚሉት ሎኬሽን ሱቅ ሳለው ሁለቴ ሽጉጥ ደቅነውበታል። ‹ሁለተኛ ሎኬሽን አልረግጥም› ብሎ ምሎ ነው ወደዚህ የመጣነው። እዚህም እንቅልፍ አልወስድ አለው።»

«ዓርብ ሲወጣ ምን አለሽ?»

«በኮሮና የሞተውን የወንድሙን የሙሰብን ወረቀት ኪሱ ከተተ። ከኮሮና ነፃ ነህ ያሉበትን። ሙሰብ እሱን አምኖ ሐኪም ቤት ሳይሄድ በስድስተኛ ቀኑ ሞተ። ሻፊ ‹የፈረመውን ሰው ሳላናግር ደርባን አልገባም› አለኝ። ማን እንደፈረመ እንጃ፤ እንግሊዝኛ አላነብም።»

የአለምወርቅ ከሳጅኑ ጋር የሟቹን ኪስ ፈተሹ። ቁልፍና ቦርሳ አለ። ወረቀቱ የለም፤ ስልኩም የለም።

አስከሬኑን ያገኘው የሻፊ የሱቅ ሸሪክ ተማም ነው። ላብ ላብ ብሎታል።

«ሌላው ቁልፍ አንተ ጋ ነው?»

«አዎ እትዬ። ግን እኔ ቶኮዛ፣ ሎኬሽን ውስጥ ነው የምሸጠው፤ የማድረውም እዚያው። ሱቁ ከዓርብ ጀምሮ ዝግ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ልከፍት ስመጣ…»

«ሻፊ ደርባን ቢገባ ይሄ ሱቅ ለማን ይቀራል?»

«ለኔ። ቃል ገብቶልኛል።»

ሳጅኑ ዓይኑን አጠበበ። የአለምወርቅ ግን ሱቁ በሰላም ሊሰጠው የነበረ ሰው ሻፊን አውቶቡስ ላይ ይሸኘዋል እንጂ አይገድለውም ብለው አሰቡ።

ሦስተኛው ሰው ሻፊን ዓርብ የሸኘው ብሥራት ነው፤ በግል ላቦራቶሪ የሚሠራ፣ የነጋዴውን ፎርም ሁሉ የሚሞላ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ።

«ዓርብ በመኪናዬ ፓርክ ስቴሽን አድርሼው አውቶቡስ ሲሳፈር አይቻለሁ» አለ። «እሑድ ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ነበርኩ። ካላመኑኝ የመሥሪያ ቤቴን ሎኬሽን እልክልዎታለሁ፤ ሄደው ይጠይቁ።»

«ስለ እሑድ መች ጠየቅሁዎት?» አሉ የአለምወርቅ በለሆሳስ። ብሥራት ማስኩን ወደ ላይ ሳበ።

ከዚያ የጦይባን ስልክ ተቀብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። የዓርቡ፦ «ገብቻለሁ። ፍሎሪዳ ሮድ መብራትና ሙዚቃ ብቻ ነው፤ ስልክ አይሰማም፣ ጻፊልኝ።» የቅዳሜው፦ «ሞርኒንግሳይድ የሚባለውን ሰፈር በእግሬ ዞርኩት። ጥላው ደስ ይላል፤ ልጆቹ እዚህ ይጫወታሉ።» የእሑዱ፦ «ባሕሩ እንደምታስቢው አያስፈራም። ከፖይንት አጠገብ ለሱቅ ጥሩ ሎኬሽን አግኝቻለሁ። ማታ እገባለሁ።»

ጦይባ ተንሰቀሰቀች። «እኔ እኮ እሑድ ‹እሺ፣ እንሂድ› ብዬ ጻፍኩለት።»

የአለምወርቅ የመጨረሻውን መልእክት ደግመው አዩት። ቀጥሎ ሻንጣውን ከፈቱ። ልብሱ እንደታጠፈ ነው፤ አዲስ ነጠላ ጫማ ደግሞ ከነዋጋ ወረቀቱ አለ።

«ለአሸዋው ብዬ እኔ ነኝ የሸመትኩለት» አለች ጦይባ። «ቂሙን እንዲረሳልኝ።»

«ሳጅን፣ በሩን ይዝጉልኝና ሁላችሁም ስሙኝ» አሉ የአለምወርቅ። «ሦስት ቀን ባሕር ዳርቻ የዞረ ሰው የጫማው የዋጋ ወረቀት እንኳ አልተነሳም። ሻፊ ደርባንን አልረገጠም። ዓርብ ነው የሞተው፤ ቅዝቃዜው ገላውን ጠበቀና ትናንት የሞተ አስመሰለው። መልእክቶቹን የጻፈው ገዳዩ ነው፤ ሰው ሁሉ እሑድን እንዲጠይቅ። እሑድ ደግሞ ለእሱ ምስክር አለው።»

«የጻፈችው ራሷ ብትሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

«እስቲ ይህንን ይስሙ፤ ‹ለሱቅ ጥሩ ሎኬሽን›። ሎኬሽን እርስዎ ዘንድ ምንድን ነው?»

ሳጅኑ ሳቁ አመለጠው። «ሎክሺን? የድሃ ጥቁር ሰፈር ነዋ! ተወልጄ ያደግሁበት።»

«ለኛም ነጋዴ እንደዚያው ነው። ጦይባ ሎኬሽን ስትል ሽጉጥ ይታያታል፤ ተማም ቶኮዛን ይላል። ሻፊ ከሎኬሽን ሸሽቶ ሲያበቃ ‹ጥሩ ሎኬሽን አገኘሁ› ብሎ ሚስቱን አያባብልም። ቃሉን ለአድራሻ የሚጠቀም እዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አሁን እንኳ ሊልክልኝ ነበር። አውቶቡስ ሲሳፈር አየሁ ያለውም እሱ ብቻ ነው። አቶ ብሥራት፣ የሙሰብን ወረቀት የፈረመው ማን ነው?»

ብሥራት ወደተዘጋው በር ዞሮ አየ።

«ስልኩ ሦስቱን ቀን የት እንደነበር የስልክ ድርጅቱ ይነግረናል» አለ ሳጅኑ።

«ሳልመረምረው ነው የፈረምኩለት» አለ ብሥራት፣ ካርቶን ላይ ተቀምጦ። «ያን ሳምንት መቶ ሰው ተሰልፎ ነበር። ዓርብ ሻፊ ‹ማቀዝቀዣውን አይቼ እንሂድ› ብሎ አብረን ገባን፤ እዚህ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ዘረጋው። ‹ሰኞ እከስሃለሁ› ሲለኝ መታሁት፤ ስልኩንና ወረቀቱን ይዤ በሩን ሳብኩት፤ ራሱ ይቆለፋል።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ፤ ለጦይባ ያዘጋጀው ነበር።

ሰዉ ሲወጣ ጦይባ ነጠላ ጫማውን አንስታ ጭኗ ላይ አኖረች። «እትዬ፣ ባሕሩን ሳያየው ነው?»

«ሳያየው ነው።»

«እሺ ያልኩትስ?»

የሰው ቃል ሲያደርሱ የኖሩት ሴት እንባቸው መጣ። «አልደረሰውም፣ ልጄ።»

ጦይባ ሰዓቷን አየችና ትንሿን አዝላ ተነሳች፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ደርሶ ነበር።